ኩፐር ብላክ ለዳቦ ቤት ይሆናል? ከአማርኛው ጋርስ እንዴት ላስማማው?

ብሌን_ዲ

ሰላም ለሁላችሁም። ታላቅ እህቴ ዳቦ ቤት ልትከፍት ነው፣ ዳቦና ኬክ፣ ለበዓል ደሞ ድፎ ዳቦ በትእዛዝ፣ እና ሎጎውንም ታፔላውንም የወረቀት ከረጢቱንም የኬክ ካርቶኑንም ሜኑውንም የምሰራላት እኔ ነኝ። የቤቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ላይ ነው የሚጻፈው። ብዙ ፎንት አሳየኋት፣ ቀጫጭኖቹንና ዘመናዊ የሚባሉትን ሁሉ ይሄ የባንክ ነው ይሄ የክሊኒክ ነው እያለች ጣለቻቸው፣ ኩፐር ብላክን ስታይ ግን ወዲያው ይሄ ነው አለች። እንደ ቦካ ሊጥ ያበጠ ነው ትለዋለች፣ እውነቷንም ነው።

እኔም ወድጄዋለሁ ግን ታፔላ አንዴ ከተሰቀለ ለዓመታት የሚቆይ ነገር ስለሆነ እንዲሁ ዘልዬ መግባት አልፈልግም። ይሄ ፎንት በትክክል ጠባዩ ምንድነው፣ ሰው ሲያየው የህጻናት ነገር አይመስለውም ወይ? ሎጎው ላይ ካደረግኩት ሜኑውም በሱ ይሁን ወይስ ሌላ ልፈልግ? በጣም ያስቸገረኝ ደሞ አማርኛው ነው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ላይ ቦልድ (ማወፈሪያውን) ስጫን ፊደሉ ይወፍራል ግን የሆነ የቆሸሸ ነገር ይመስላል፣ ከእንግሊዝኛው አጠገብ ሳስቀምጠው አንዱ የተሳለ አንዱ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። የሰራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

የቀለም_ቀንድ

እህትሽ ዓይን አላት። ይሄ ፎንት ከመጀመሪያውም ለገበያ ተብሎ የተሰራ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰሪው ኦስዋልድ ኩፐር ይባላል፣ ቺካጎ ውስጥ ለማስታወቂያ በእጁ ፊደል እየሳለ የሚኖር ሰው ነበር፣ አስተማሪው ደሞ ፍሬድሪክ ጋውዲ ነው፣ በአሜሪካ የፊደል ታሪክ ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ። ኩፐር 1904 ላይ ከሸሪኩ ከበርትሽ ጋር የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ፣ ከዛ በኋላ እዛው ቺካጎ የነበረው ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባለው የፊደል ፋብሪካ የሱን የእጅ አጻጻፍ በብረት ፊደል አድርጎ ማውጣት ጀመረ፣ መጀመሪያ ቀጠን ያለው ኩፐር ኦልድ ስታይል ወጣ፣ ቀጥሎ 1922 ላይ ይሄ ወፍራሙ መጣ። ገበያውን እንዴት እንደያዘው ለማወቅ ይሄን ተመልከቺ፣ ተፎካካሪው ላንስተን ሞኖታይፕ እኛም እንደዚህ ያለ ያስፈልገናል ብሎ ያሰራው የኩፐርን አስተማሪ ጋውዲን ራሱን ነው፣ 1925 ላይ ጋውዲ ሄቪፌስ የሚባለው በዛ መንገድ ነው የመጣው።

ኩፐር 1940 ላይ ሞተ፣ ፎንቱ ግን በ1960ዎቹና 70ዎቹ እንደገና ተነሳ፣ ምክንያቱም ያኔ ፊደል በፎቶ መልቀም ተጀምሮ ነበር፣ እና በብረት የማይቻለውን ያህል ፊደሉን አጠጋግቶ መደርደር ተቻለ፣ ኩፐር ብላክ ደሞ ሲጠጋጋ ነው የሚያምረው። የሙዚቃ አልበም ሽፋን ላይ፣ የሱቅ ታፔላ ላይ፣ በካውያ ቲሸርት ላይ የሚለጠፉት ፊደሎች ላይ ሁሉ እሱ ነበር። ዛሬም የኢዚጄት አየር መንገድን ብርቱካናማ አውሮፕላን ካየሽ ጎኑ ላይ ያለው እሱ ነው።

የህጻናት ነገር ይመስላል ወይ ላልሽው፣ አይመስልም፣ ለምን እንደማይመስል ደሞ ፊደሉን ትልቅ አድርገሽ ስታዪው ይገባሻል። ስሞል ሌተሯን ኦ አጉልተሽ እያት፣ ውስጧ ያለው ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ይሄ ከጥንቱ የብዕር አጻጻፍ የመጣ ነው፣ ብዕሩን ሰያፍ ስትይዥው የሚወጣው ቅርጽ። ማለትም ላዩ ወፍራምና ድቡልቡል ይሁን እንጂ አጥንቱ የድሮ የመጽሐፍ ፊደል ነው፣ ወፍራምና ቀጭኑም እንደጠበቀ ነው። ሰሪፎቹም (የፊደሉ መስመር ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ እግሮች) አሉ፣ ጫፋቸው ተድቦልቡሎ ነው እንጂ አልጠፉም። የልደት ፊኛ ላይ የምናያቸው ድቡልቡል ፎንቶች ይሄ አጥንት ስለሌላቸው ነው የህጻን የሚሆኑት። ኩፐር ብላክ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው ወዳጅ ነው፣ ግን አዋቂ ነው። ለሚበላ ነገር ከዚህ የተሻለ ወፍራም ሰሪፍ እኔ አላውቅም።

ታፔላ_ሰሪው

እኔ ከታፔላው በኩል ልናገር። ስራዬ ስለሆነ ሁሌም የምነግራቸው ነገር ነው ግን ዲዛይነሮች አይሰሙኝም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ፊደል ሁሉ አክሪሊክ (የታፔላ ፕላስቲክ) ላይ አያምርም። ቦዶኒ ወይም ፕሌይፌር አይነት ወፍራሙ በጣም ወፍራም ቀጭኑ ደሞ ፀጉር የሚያህል ፎንት ይዘው ይመጣሉ፣ ስትቆርጠው ቀጭኑ ይሰበራል፣ ባይሰበርም ከመንገዱ ማዶ አይታይም ቁራጭ ቁራጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ኩፐር ብላክ እንደዛ አይነት ቀጭን ቦታ የለውም። ሌላው ደሞ ማሽኑ የሚቆርጥበት ምላስ ክብ ስለሆነ የውስጥ ጥግን ሹል አድርጎ መቁረጥ አይችልም፣ ሹል ጥግ ያለው ፎንት ሲቆረጥ ጥጉ ይደፈጠጣል፣ ይሄኛው ግን ሲፈጠርም ድቡልቡል ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ያየሽው ነው የሚወጣው። የሚበራ ታፔላ ከሆነ ደሞ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ውስጡ ኤልኢዲ እንደልብ ይደረደራል፣ ብርሃኑ እኩል ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ የስሞል ሌተር ኢ እና ኤ ቀዳዳቸው በጣም ትንሽ ነው፣ ማታ ሲበራ ብርሃኑ ይፈስና ቀዳዳውን ይውጠዋል። ስለዚህ ለሚበራው ፊደሎቹን ሎጎው ላይ ካለው ትንሽ አራርቂያቸው፣ ቀዳዳዎቹንም ትንሽ ከፈት አድርጊልኝ ብለሽ ለሚሰራው ሰው ንገሪው። ከተቻለ ደሞ በትልልቁ ፊደል ብቻ አትጻፊው፣ ካፒታል ብቻ ሲሆን ይከብዳል፣ ውበቱ ያለው ስሞል ሌተሩ ላይ ነው።

ብሌን_ዲ

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ የኦዋን ነገር አሁን ሳየው በጣም ነው የገረመኝ ስንቴ አይቼው አላስተዋልኩትም። ከረጢቱ ግን ቡናማው ክራፍት ወረቀት ነው፣ በአንድ ቀለም ነው የሚታተመው፣ ጀርባው ላይ አድራሻና ስልክ ይኖራል። እዛ ላይስ?

ጋሼ_ማተሚያ

ልጄ፣ ክራፍት ወረቀት ቀለም ይጠጣል። ፊደሉ ከተቀመጠበት ትንሽ ሰፍቶ ነው የሚወጣው፣ ውፍረቱ ይጨምራል ቀዳዳው ይጠባል። ኩፐር ብላክ ደግሞ ቀድሞም ወፍራም ስለሆነ ይሄን መጠባበቅ ግድ ነው። የቤቱ ስም ፊት ለፊት በትልቁ ይሁን፣ እዛ ላይ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ለስለስ ይልና ለፊደሉ ይስማማዋል። አድራሻና ስልክ ግን በፍጹም በሱ እንዳታደርጊው፣ 8 እና 6 እና 9 ቀዳዳቸው ይደፈንና ሰው ሲደውል ሌላ ቤት ይገባል። ለስልክ ቁጥር ቀለል ያለ፣ ሰሪፍ የሌለው፣ ሜዲየም ውፍረት ያለው ፊደል ውሰጂ።

የባሰው ደግሞ ሙሉውን ቀለም አልብሰሽ ፊደሉን ባዶ የምትተይው ጊዜ ነው። እዛ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፣ ቀለሙ ከዙሪያው ወደ ፊደሉ ይገባና ፊደሉ ይቀጥናል። ቀጭን ፊደል ከሆነ ይጠፋል፣ ኩፐር ብላክ ግን የሚያጣው ስጋ ስላለው ይችለዋል። ስለዚህ የኬክ ካርቶኑን ሙሉ ቀለም ካደረግሽው ስሙን ባዶ ማድረግ ጥሩ ሃሳብ ነው። ከማሳተምሽ በፊት በዛው ወረቀት ላይ ናሙና አሳዩኝ በይ፣ በሌላ ወረቀት ያሳዩሽን እንዳትቀበይ፣ ክራፍት ላይ ሲሄድ ሌላ ነገር ነው።

ነጭ_ወረቀት

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሃሳብ አለኝ። ኩፐር ብላክ ቆንጆ ነው አልክድም ግን በጣም ጠንካራ ድምፅ ያለው ፎንት ነው፣ የትም ብታስቀምጪው መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፣ እና ሲያዩት ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው 70ዎቹ ነው። አሁን ደሞ የምግብና የቡና ብራንድ ሁሉ ወደ እንደዚህ አይነት ለስላሳ ወፍራም ሰሪፍ ስለሄደ ከሌላው ለመለየት ይከብዳል። ወፍራም ሰሪፍ ከሆነ የተፈለገው ክላረንደንን ለምን አታዪውም? 1845 ለንደን ላይ ሮበርት ቤስሊ ያወጣው ነው፣ ሰሪፉ ወፍራም ነው ግን ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጎበጥ ብሎ ስለሚገባ ድርቅ ያለ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የመንገድ ታፔላ በሱ ነበር የሚጻፈው፣ ከሩቅ ይነበባል፣ እምነት የሚጣልበት ፊደል ነው። (በነገራችን ላይ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ለዲዛይን ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ ነበረና ቤስሊ አስመዘገበው፣ ጥበቃው ግን 3 ዓመት ብቻ ነበር፣ ሲያልቅ ሁሉም ገለበጡት። ይሄ ታሪክ ሁሌ ያሳዝነኛል።)

እና ሜኑውን በተመለከተ፣ እባክሽ ሜኑውን በኩፐር ብላክ እንዳትጽፊው። አንድ ቃል ሁለት ቃል እሱን ነው የሚችለው። የዋጋ ዝርዝር በሱ ስትጽፊ ገጹ በሙሉ ጥቁር ይሆናል ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፣ ሁሉም እየጮኸ ከሆነ ደሞ ሰው ምኑን መጀመሪያ ያንብብ? የክፍሎቹን ርዕስ፣ ዳቦ፣ ኬክ፣ ትኩስ መጠጥ የሚለውን በሱ አድርጊ፣ ሌላውን በቀላል ፎንት።

የቀለም_ቀንድ

@ነጭ_ወረቀት በሜኑው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በክላረንደን ግን አልስማማም። ክላረንደን ጥሩ ፊደል ነው፣ ለሃርድዌር መደብር፣ ለጋራዥ፣ ለትምህርት ቤት ስጪው እኔ ራሴ ነኝ የማጨበጭበው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ነገር አለው። የዳቦ ቤት በር ላይ ግን ሰው ቆሞ የሚያስበው ስለ ጠንካራ ነገር አይደለም። ባለቤቷ ራሷ አይታ ሊጥ ነው ያለችውን ፊደል ትቶ ሌላ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል የሚለውም አይገባኝም፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ያለ ዳቦ ቤት ፉክክሩ ከኢንስታግራም ብራንዶች ጋር አይደለም፣ አጠገቡ ካሉት ታፔላዎች ጋር ነው። አጠገቡ ያሉት በሙሉ ቀጥ ያለ ሰሪፍ የሌለው ፊደል ከሆኑ እሱ ብቻውን ይለያል። እህቴ፣ መንገዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና የሰራሽውን ሎጎ ቦታው ላይ ለጥፈሽ እይው፣ ከኛ ክርክር የበለጠ እሱ ይነግርሻል።

ሆሄ_ወዳጅ

ስለ አማርኛው ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር፣ ረጅም ነው የሚሆነው ይቅርታ።

መጀመሪያ ያ የቆሸሸ የሚመስለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ኒያላ ቦልድ የለውም፣ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካ የሚባለው የአማርኛ ፎንትም እንደዛው። ፎንቱ ቦልድ ሳይኖረው አንቺ ቦልድ ስትጫኚ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ የፊደሉን ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገፋዋል፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ይወፍራል፣ ቀዳዳው በሙሉ ይጠባል። የኛ ፊደል ደሞ ውበቱ ቁሙ ወፍራም መገናኛው ቀጭን በመሆኑ ነው፣ የብራና ጽሑፎቻችንን ብታዪ ከመቃ ብዕሩ የመጣ ነው ይሄ፣ እሱ ሲጠፋ ነው ያ የተለጠፈ መልክ የሚመጣው። ስለዚህ ሁለተኛ በውሸት ቦልድ ታፔላ አትስሪ።

እውነተኛ ወፍራም የአማርኛ ሰሪፍ ከፈለግሽ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለ፣ በነጻ ነው፣ ከጸጉር ቀጭኑ እስከ ብላክ ድረስ ውፍረቱ ሁሉ ታስቦ የተሰራ ነው። ብላኩን ውሰጂ። ከኩፐር ብላክ አጠገብ ስታስቀምጪው የሁለቱን የፎንት መጠን ቁጥር እኩል አታድርጊ፣ ሁለቱም 60 ስለሆነ እኩል አይሆኑም። ማመሳሰል ያለብሽ የቁሙን ውፍረት ነው፣ የእንግሊዝኛው ኤል ወይም አይ ቁሟ ስንት እንደሚሰፋ እይና የአማርኛው ዳ እግር ያን ያህል እስኪሆን አሳድጊው ወይም ቀንሺው፣ ከዛ ራቅ ብለሽ በዓይንሽ አስተካክይ። የአንቺ ዕድል ደሞ ምን ነው፣ ኩፐር ብላክ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት ዘንጎቹ አጭር ናቸው ስሞል ሌተሮቹ ደሞ ትልቅ ናቸው፣ ቃሉ ሲታይ እንደ አንድ ወጥ ብሎክ ነው። የኛም ፊደል ካፒታልና ስሞል ስለሌለው ቃሉ ወጥ ሆኖ ነው የሚሄደው። ረጃጅም ዘንግ ያላቸው የእንግሊዝኛ ሰሪፎች አጠገብ አማርኛ ሁሌ አጥር መስሎ ይታየኛል፣ ከዚህኛው ጋር ግን ይግባባል።

አሁን ዋናው ነገር። "ዳቦና ኬክ ቤት" ብለሽ ልትጽፊ ነው አይደል? ኬ እና ቤ ሁለቱም ሃምስ ናቸው፣ እግራቸው ስር ያለችው ቀለበት ናት ከኪ እና ከቢ የምትለያቸው። ፊደሉ ሲወፍር ያቺ ቀለበት ቀዳዳዋ መጀመሪያ ነው የሚደፈነው፣ ስትደፈን ደሞ ከሩቅ ኪክ ቢት ተብሎ ነው የሚነበበው። ጋሼ ስለ ቁጥሮቹ ያሉት ነገር በሙሉ እዚህም ይሰራል፣ ክራፍት ላይ ሲሆን ደሞ ይብሳል። ስለዚህ ፎንቱን እንዳለ አትጠቀሚው፣ ወደ ቅርጽ ቀይሪውና ቀለበቶቹን በእጅሽ ሰፋ አድርጊያቸው፣ ትንሽ ወደ ውጭ ቢወጡም ችግር የለውም። ሶስት እግር ያላቸው ፊደሎች ካሉሽ፣ ጠ፣ ሐ፣ ጨ፣ እነሱንም በእግሮቹ መሃል ያለው ነጭ እንዳይጠብ ወደ ጎን ትንሽ አስፊያቸው። ዝም ብለሽ መወጠር አይደለም እሺ፣ ስትወጥሪው ቁሙ ይወፍራል፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ነው የምታንቀሳቅሺው።

ቀጥሎ የኖቶው ጫፍ ሹል ስለሆነ ከኩፐር ጋር አይመሳሰልም። ኢሉስትሬተር (የመሳያው ፕሮግራም) ላይ ጥጎቹን በሙሉ ምረጪና ትንሽ አድቦልቡያቸው። ትንሽ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ብዙ ካደረግሽው የላይኛው ራሱ ላይ ያለው ማዕዘን ጠፍቶ ፊደሉ ኮረት ኮረት ይሆናል፣ የኛ ፊደል ራሱ ላይ ያለው ያ ሰያፍ ቁርጥ መታየት አለበት። ድቡልቡሉን ቁሙ እግር ላይ በዛ አድርጊ፣ ራሱ ላይ ቀነስ።

ስትጨርሺ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አትሚውና ስለ ስራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጪው፣ ምን ይላል ብለሽ ጠይቂ። ቤት ካለ ጨርሰሻል፣ ቢት ካለ ቀለበቷን ጨምሪ።

ታፔላ_ሰሪው

@ሆሄ_ወዳጅ ይሄን ነገር ሁሉም ዲዛይነር ቢያነበው ደስ ይለኛል፣ ስንት ታፔላ ነው ቀለበቷ ተደፍና የተሰቀለችው። ብሌን፣ የቀለበቷ ቀዳዳ በአክሪሊክ ሲሆን የመቁረጫው ምላስ የሚገባበት ያህል መስፋት አለበት፣ ከመጨረስሽ በፊት የምላሱ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ታፔላውን የሚሰራውን ጠይቂው፣ ከዛ በታች ከሆነ ማሽኑ ቀዳዳውን ዘሎት ነው የሚሄደው።

ብሌን_ዲ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንም። ማታውኑ ኖቶ ብላኩን አውርጄ ሞከርኩት ከኒያላው ጋር ሰማይና ምድር ነው። የኬ ቀለበት እውነትም ተደፍና ነበር እያሰፋኋት ነው። ፊት ለፊት ስሙ ብቻ በኩፐር ብላክ፣ ሜኑው ላይ ርዕሶቹ ብቻ፣ ሌላው ሰሪፍ በሌለው በኖቶ ሳንስ፣ እንደዛ ወስኛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ኩፐር ብላክ ከኦፊስ ጋር የመጣልኝ ነው፣ ለንግድ ብጠቀምበት ችግር አለው? በኋላ ዌብሳይትም ትፈልጋለች።

ነጭ_ወረቀት

የምትጠቀሚበት ኦፊስ ሕጋዊ ከሆነና ለቤትና ለተማሪ ብቻ ተብሎ የተሸጠው አይነት ካልሆነ በሱ ሰርተሽ ማሳተም ችግር የለውም። ዌብሳይት ላይ የፎንቱን ፋይል መጫን ግን ሌላ ነገር ነው፣ ለሱ የዌብ ፈቃድ ለብቻው ይገዛል። ሎጎው ምስል ሆኖ ስለሚገባ እሱ አያሳስብሽም፣ የሚያስፈልግሽ ለርዕሶቹ ነው፣ ለሱ ደሞ ፍራውንሰስ የሚባለውን ጉግል ፎንትስ ላይ እይው። በነጻ ነው፣ ሲሰሩት ካነሳሷቸው ፊደሎች አንዱ ኩፐር ነው፣ ልስላሴውን ራሱ መጨመርና መቀነስ ይቻላል፣ ወፍራሙን ወስደሽ ልስላሴውን ከፍ ስታደርጊው ከሎጎው ጋር ቤተሰብ ይመስላል። ከቀጭን እስከ ወፍራም ስለሆነ ደሞ የምርቶቹን አጭር መግለጫ በቀጠን ያለው መጻፍ ትችያለሽ፣ ኩፐር ብላክ ላይ የማይቻለው ማለት ነው።

ለታፔላና ለማተሚያ ቤት ፋይሉን ስትልኪ ሁሉንም ጽሑፍ ወደ አውትላይን (ወደ ቅርጽ) ቀይሪው፣ በተለይ አማርኛውን። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ሌላ ይተካበትና ያስተካከልሻት ቀለበት ሁሉ ትጠፋለች። አንድ ኮፒ ደሞ በፒዲኤፍ አያይዢላቸው፣ ከፍተው ያዩትና ያንቺ አንድ መሆኑን እንዲያመሳክሩ።